በሬ ያጣችው ሴትዮና የዘገየው ለቅሶዬ

አባቴ የሞተው ግንቦት 2007 ላይ ነው። እኔ ያለቀስኩት ሚያዝያ 2009 ላይ ነው። በመሀል ሁለት ዓመት ሊሞላ ምንም ያልቀረው ጊዜ አለ። ያንን ጊዜ ፊልም ሳይ ነው የጨረስኩት። ሌሊት ጋቢ ውስጥ ገብቶ ስልክ ላይ ያፈጠጠ፣ ሲጠይቁት «ደህና ነኝ» የሚል ሰው ዛሬም በየቤቱ አለ። ይህን የምጽፈው ለሱ ነው።

የደምበጫ ገጠር ልጅ ነኝ። ከቤታችን እስከ ከተማው በእግር ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል። ልጅ እያለሁ ከተማው ውስጥ ቪዲዮ ቤት ነበር። ቪዲዮ ቤት ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ጭቃ ቤት ነው። መስኮቱ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍኗል። አግዳሚዎቹ ከሰው ብዛት ይንቋቋሉ። ፊት ለፊት አንድ ቴሌቪዥን አለ። በረኛው ሳንቲም የሌለንን ልጆች ካዘነልን ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ያስገባናል። ስለዚህ እስከ ዛሬ መጨረሻቸውን እንጂ መጀመሪያቸውን የማላውቃቸው ብዙ ፊልሞች አሉ።

አንድ የገበያ ቀን እንቁላል ሸጬ ጨው እንድገዛ ተላክሁ። ጨዉን ገዛሁ። በተረፈችው ሳንቲም ቪዲዮ ቤት ገባሁ። የሚታየው የህንድ ፊልም ነበር። ስሙ «ማዘር ኢንዲያ» መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ሜህቡብ ካን በ1957 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው፣ ናርጊስ የተወነችበት ፊልም ነው። ርዝመቱ ሦስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። ሳላውቀው መሸ። አባቴ ዱላውን ይዞ ሊፈልገኝ መጣ።

በረኛው ሊያስከፍለው አሰበና ዱላውን ሲያይ ተወው። እኔ የአባዬን ድምፅ ስሰማ አንገቴን ቀበርኩ። ጀርባዬ ላይ የሚያርፈውን ዱላ ጠበቅሁ። ቀረ። ዞር ብዬ ባይ አባዬ ከኋላ ቆሟል። ዱላውን እንደ መቋሚያ ተደግፎ ቴሌቪዥኑን ያያል።

ፊልሙ ላይ የሴትዮዋ ባል ቋጥኝ ክንዶቹን ጨፍልቆበት፣ አካለ ጎደሎ ሆኖ፣ ቤቱን ጥሎ ሄዷል። አራጣ አበዳሪው እህሏን እየጫነ ይወስዳል። በሬ የላትም። ስለዚህ ማረሻውን ራሷ እንደ በሬ ጎተተችው። ልጆቿ አብረዋት ናቸው። አባዬ በሕይወቱ ፊልም አይቶ አያውቅም። ያቺን ሴት እስከ መጨረሻው ቆሞ አያት።

ወደ ቤት ስንሄድ ጨልሟል። ጅብ ይጮሃል። አልመታኝም። ብዙ መንገድ ዝም ብሎ ሄደና፣

«መንደርተኛው የት ሄዶ ነው?» አለኝ።

«እንጃ አባዬ።»

«አንድ በሬ ያለው ሰው ከዚያ ሁሉ አገር ጠፍቶ ነው? ማን ነው መቀናጆ የነሳት?»

ለከተማ ልጆች ልንገር። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ እንደሱ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር አቀናጅቶ በየተራ ያርሳል። መቀናጆ ይባላል። «አባዬ እኮ ፊልም ነው» አልኩት።

«ፊልምስ ቢሆን» አለ። ቤት እስክንደርስ መንደርተኛውን ሲወቅስ ነበር።

እንግዲህ ይህን እዚህ አቆዩልኝ። ወደ ሞቱ ልሂድ።

በ2007 የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። አባዬ ግንቦት መጀመሪያ ታመመ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ሞተ። ዘመድ ተሰብስቦ «ልጁ ፈተና ላይ ነው፣ እንዳይረበሽ» ብሎ ወሰነ። ስደውል «እርሻ ላይ ነው» ይሉኛል። ሌላ ቀን «ሰርግ ሄዷል»። ሌላ ቀን «ኔትወርክ የሌለበት ነው»። ግማሽ ልቤ አውቆ ነበር መሰለኝ። ግን አጥብቄ አልጠየቅሁም። ፈተናውን በጥሩ ውጤት አለፍኩ። ያ ውጤት ዛሬም ትዝ ሲለኝ አፌን ይመረኛል።

ሰኔ 22 አውቶቡሱ የዓባይን በረሃ ወጥቶ፣ ደጀንን፣ ደብረ ማርቆስን፣ አማኑኤልን አልፎ ደምበጫ ሲያወርደኝ አጎቴ ቆሞ ይጠብቀኛል። እኔን መናኸሪያ ድረስ ወጥቶ የሚጠብቅ ሰው ኖሮኝ አያውቅም። «መሽቷል፣ ዛሬ እኔ ጋ እደር» አለ። ራት ላይ «ብላ፣ ብላ» አበዛብኝ። ጎህ ሲቀድ ስነቃ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

መርዶው ተነገረ። ጩኸቱ ተነሳ። እኔ የለበስኩትን ጋቢ አነሳሁና ማጠፍ ጀመርኩ። ለሁለት። ለአራት። ለስምንት። ጠርዙ ከጠርዙ እስኪገጥም አስተካከልኩት። አክስቴ ከእጄ ላይ ነጥቃ ወረወረችው። አንስቼ እንደገና አጠፍኩት። እንባ የሚባል የለም።

መንደር ስደርስ ለቅሶው አልቋል። ድንኳኑ ለእድሩ ተመልሷል። ሠልስቱም፣ ሰባቱም ወጥቷል። ለአርባው ሦስት ቀን ቀርቷል። ሰው ሁሉ አልቅሶ፣ ወጥቶለት፣ ስለ ክረምቱ እርሻ ያወራል። እኔ ገና መድረሴ ነው። «ጎበዝ ነው፣ ቻለው» አሉኝ። እኔም አመንኳቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ሞት አትደብቁ። ፈተና ይደገማል። የአባት ቀብር አይደገምም። ለኔ አዝነው ያደረጉት መሆኑን አውቃለሁ፤ አጎቴንም ተቀይሜው ቆይቼ፣ ይቅር ብዬዋለሁ። ግን ሰው ከሌላው ጋር እኩል ካላለቀሰ በኋላ ብቻውን ማልቀሻ ቦታ ያጣል።

ፊልሙ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ግቢ ስመለስ የዶርማችን አንድ ልጅ ፊልም የታጨቀበት ሃርድ ዲስክ ነበረው። በሌሊት ሁለት፣ አንዳንዴ ሦስት ማየት ጀመርኩ። ጠዋት ክፍል ውስጥ እተኛለሁ። በዚያ ዓመት ካየሁት ውስጥ ታሪኩን የማስታውሰው እጅግ ጥቂቱን ነው። ጭንቅላቴ ውስጥ ድምፅ እንዲኖር ብቻ ነበር የምፈልገው። የመጀመሪያው ጥፋቴ ይኸው ነው። ፊልም እያያችሁ የማታስታውሱት ከሆነ እያያችሁ እንዳልሆነ ያዙት። እንቅልፍ እየሸሻችሁ ነው።

ሁለተኛው ጥፋቴ የባሰ ነው። ማልቀስ እንዳልቻልኩ ሲገባኝ ራሴን በፊልም ላስለቅስ ተነሳሁ። «ይህን አይቶ ያላለቀሰ የለም» የተባለውን ሁሉ ሰበሰብኩ። ለምሳሌ «ዘ ፐርሱት ኦፍ ሃፒነስ» የሚለው የ2006 እ.ኤ.አ. ፊልም። ቤት ያጣ አባት ትንሽ ልጁን ይዞ የባቡር ጣቢያ ሽንት ቤት ውስጥ ያድራል። ልጁ ጭኑ ላይ ተኝቷል። ሰው ከውጭ በሩን ይደበድባል። አባት በሩን በእግሩ ደግፎ፣ የልጁን ጆሮ በእጁ ከድኖ ያለቅሳል፤ ድምፅ ሳያወጣ። ከዚያ በፊት ለልጁ «ዋሻ ውስጥ ነን» እያለ ጨዋታ አስመስሎለት ነበር። እንዴት ያለ ትዕይንት መሰላችሁ። ሺህ ጊዜ ቢወራለት አይበዛበትም። እኔ ግን አይኔ ደርቆ፣ «አተዋወኑ ጥሩ ነው» ብዬ ዘጋሁት።

«ባይስክል ቲቭስ»ንም አየሁ። የጣልያን ፊልም ነው፤ ቪቶሪዮ ዴ ሲካ በ1948 እ.ኤ.አ. የሠራው፣ ጥቁርና ነጭ። ለሥራ የሚያስፈልገውን ብስክሌት የተሰረቀ አባት ከልጁ ጋር ሲፈልግ ይውላል። አጥቶ አጥቶ ራሱ ሊሰርቅ ይሞክራል። ልጁ እያየው ይያዛል፣ ይመቱታል። የብስክሌቱ ባለቤት የልጁን ፊት ያይና ይተወዋል። አባትና ልጅ ሰው መሀል ሲሄዱ ልጁ የአባቱን እጅ ይይዛል። ያችን እጅ የምትያዝባትን ብቻ እየመለስኩ ስድስት ጊዜ አየኋት። በስድስተኛው እጅ ብቻ ሆነችብኝ። የፊልሙን መጨረሻ ከፊልሙ ቆርጦ ማየት ጥቅም የለውም። እጇ የምትከብደው ያን ሁሉ መንገድ አብራችሁ ስትሄዱ ነው። ዛሬ ስልካችን ላይ የሚመጡት የሁለት ደቂቃ «አስለቃሽ ትዕይንቶች» እንደዚያው ናቸው። ለሐዘንተኛ አልመክርም።

ሦስተኛውን ጥፋቴን መጻፍ ይከብደኛል። በ2008 ፋሲካ ቤት ስሄድ ከጓደኛ ላፕቶፕ ተዋስኩ። ትንሿ እህቴ ትጫወትበት ብዬ «ዘ ላየን ኪንግ»ን ከፈትኩ። ካርቱን ነው፣ ምን ይጎዳል? አባት አንበሳው እንደሚሞት አውቃለሁ። አይቼዋለሁ እኮ። ግን አላሰብኩትም። ደቦሉ የሞተ አባቱን «ተነስ» ብሎ ሲገፋውና ክንዱ ሥር ገብቶ ሲተኛ እህቴ አንዴ ላፕቶፑን፣ አንዴ እናቴን አየች። ከዚያ እናቴ ቀሚስ ውስጥ ፊቷን ደበቀች። እናቴ ጥቁር እንደለበሰች ነች። «ዝጋው የኔ ልጅ» ብቻ አለችኝና ወደ ጓዳ ገባች። ቡናው ሳይፈላ ቀረ። ሐዘን ቤት ውስጥ ፊልም ከመክፈታችሁ በፊት ማን እንደሚሞትበት ቀድማችሁ ተናገሩ። ሰው መርጦ ይይ።

ከተመረቅሁ በኋላ ባሕር ዳር ሥራ አገኘሁ። አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ሌሊቱ እዚያም ያው ነው። በሳምንት አንዴ ፍላሼን ይዤ ፊልም የሚጭን ልጅ ጋ እሄዳለሁ። አንድ ቀን ሚያዝያ ላይ ልጁ «ትንሽ ቦታ ተርፏል፣ የድሮ ህንድ ልጨምርልህ?» አለኝ። «ጨምር» አልኩት። ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሁም።

ማታ ከፈትኩት። መጀመሪያውን አይቼው ስለማላውቅ አላወቅሁትም። ቋጥኙ ላይ ስደርስ አንድ ነገር ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ሴትዮዋ ማረሻውን መጎተት ስትጀምር ድምፁ መጣ። ከፊልሙ አይደለም የመጣው፤ ከኋላዬ ነው። «ማን ነው መቀናጆ የነሳት?»

ዞርኩ። እውነቴን ነው፣ ዞርኩ። ግድግዳ ነው።

እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም። አከራዬ በሩን ደበደቡ። በሥራቸው ዝምተኛ የሚባሉ አሮጊት ናቸው። ከፈትኩላቸው።

«ምነው ልጄ? ማን ሞተብህ?»

«አባቴ።»

«መቼ?»

«ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው።»

ይስቁብኛል ብዬ ነበር። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና አዘቀዘቁት። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠው «ወየው ልጄን» ብለው አለቀሱልኝ። አባቴን አያውቁት። እኔንም የሚያውቁኝ በወር ኪራይ ነው። ሲነጋ ንፍሮ ቀቀሉ። ሁለት ጎረቤቶች ጠርተው ቡና አፈሉ፣ «እግዜር ያጥናህ» አስባሉኝ። ሁለት ዓመት የዘገየ ለቅሶ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተደረሰልኝ። ያን ቀን ከሥራ ቀረሁ። ሌሊቱን ሳልነቃ ተኛሁ።

ለምን ያ ፊልም? ስንት የተዋጣለት ትዕይንት አይቼ ለምን ሞፈርና ቀንበር? ብዙ አሰብኩበት። ሌቭ ኩሌሾቭ የሚባል የሩሲያ ፊልም ሠሪ ከመቶ ዓመት በፊት ያደረገው ሙከራ አለ። የአንድ ተዋናይ ምንም የማይነበብበት ፊት ወሰደ። ከፊቱ ቀጥሎ አንዴ ሾርባ፣ አንዴ የሬሳ ሳጥን፣ አንዴ ቆንጆ ሴት ቀጠለበት። ፊቱ ያው ነው። ተመልካቹ ግን «ራበው»፣ «አዘነ»፣ «ወደዳት» እያለ አነበበው። ትርጉሙ የሚወለደው ሁለቱ ሥዕሎች ሲገናኙ ነው። እኔ ሴትዮዋን ሳይ ከሷ ቀጥሎ የሚመጣው ሥዕል ፊልሙ ውስጥ የለም። ዱላውን የተደገፈ አባቴ ነው። የናንተ ደግሞ ሌላ ነው። ለዚህ ነው አንድ ትዕይንት አንዱን አፍርሶ ሌላውን ፋንዲሻ የሚያስበላው።

ሌላው ነገር ለቅሶ ቤት የምናውቀው ነው። ጎበዝ አልቃሽ «ደግ ሰው ነበር» ብላ አታስለቅስም። ደግ ያልነበረ ሟች የት አለ? እሷ በሬዎቹን በስማቸው ትጠራለች። ዳልቻን ማን ይጥመደው፣ ቡሬን ማን ያጠጣው ትላለች። ዱላው ያረፈበትን ማገር ታሳያለች። ያኔ ድንኳኑ ይፈርሳል። የማይረሱ ትዕይንቶችን አስተውሏቸው፤ ሁሉም እንዲህ አንድ የሚጨበጥ ነገር አላቸው። በር የደገፈ እግር፣ የተያዘ እጅ፣ ትከሻ ላይ ያለ ሞፈር። ንግግሩን ረስተን እሱን ይዘን እንቀራለን።

መጨረሻም ይወስናል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካህነማንና ባልደረቦቹ በ1993 እ.ኤ.አ. ሰዎችን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እጃቸውን ለ60 ሴኮንድ አስነከሩ። ሌላ ጊዜ 60 ሴኮንድ አስነክረው፣ 30 ሴኮንድ ጨመሩና ውሃውን በመጠኑ አሞቁት። የቱን ትደግማላችሁ ሲባሉ ብዙዎቹ ረጅሙን መረጡ። መጨረሻው ስለተሻለ። የፊልም መጨረሻ አብሮን የሚኖረው ለዚህ ይመስለኛል። የኔና የአባዬ ነገር መጨረሻ አልነበረውም። አውቶቡስ፣ ራት፣ ጋቢ።

እንዲህ ያለ ትዕይንት የያዛችሁ ካላችሁ፣ ደጋግማችሁ ከማየት አንዴ አይታችሁ ዝጉትና «ከኋላዬ የቆመው ማን ነው?» በሉ። ከተቻለ ለብቻችሁ አትዩ፤ ቢያንስ ግድግዳ የሚያንኳኳ ሰው ያለበት ቤት እዩ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ለቅሶ ለነገም አይበጅ፣ ቀን አድርጉት። ከዚያ የቀረውን ከሰው ጠይቁ። እኔ ደምበጫ ሄጄ አጎቴን ስለ መጨረሻዎቹ ቀናት አስተረኩት። አባዬን ማን እንደተሸከመው፣ ምን እንዳለ፣ የትኛው ቄስ እንደፈታው። ሁለት ሰዓት ፈጀብን። እንቅልፍና ምግብ ለወራት እምቢ ካላችሁ፣ ወይ መኖር ካስጠላችሁ ግን ፊልሙንም ምክሬንም ተዉት፤ ሐኪም ጋ ሂዱ። ፀበሉም አይከለከልም።

ይህ የተሳካልኝ ከአጎቴ ጋር ነው። «ጤዛ»ን አብረን አየን። ኃይሌ ገሪማ የሠራው፣ በ2008 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት ያገኘው፣ በዓመቱ ቡርኪና ፋሶ ዋጋዱጉ ላይ ፌስፓኮ የሚባለውን የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት የወሰደው። የገጠር ልጆች ከአፈሳ ሸሽተው ዋሻ ውስጥ የሚደበቁበት አለ። አጎቴ እዚያ ላይ «አቁመው» አለኝ። አቆምኩት። እሱም በልጅነቱ ከአፈሳ ሸሽቶ ጮቄ ተራራ ላይ በብርድ እንዴት እንዳደረ፣ ምግብ የሚያመጣለት አባዬ እንደነበር ነገረኝ። ሰላሳ ምናምን ዓመት ለማንም አላወራውም። ቀሪውን ፊልም በሌላ ቀን ጨረስነው።

እናቴን ብዙ ጊዜ ፈራኋት። ከዚያ ላፕቶፕ በኋላ እንዴት ብዬ? በ2010 ጥቁሯን ስታወልቅ ግን ቀድሜ ነገርኳት። «እማዬ፣ አባዬ አንዴ ብቻ ያየው ፊልም አለ። ሰው ይሞትበታል። ታይዋለሽ?» ታሪኩን ከእንቁላሉ ጀምሬ ነገርኳት። መቀናጆው ላይ ስደርስ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«በሬ ያጣችው ሴትዮ?»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ያን ሰሞን እኮ ሥራው ሁሉ እሷ ነበረች። ‹ያቺ ሴትዮ ታሳዝናለች፣ በሬ እንኳ የላት፣ ባሏም ጥሏት ሄደ› ይለኛል። ገበያ በሄደ ቁጥር ሆዴ ይፈራል። ከተማ ውስጥ ሴት የያዘ መስሎኝ አንድ ክረምት ሙሉ አኩርፌዋለሁ!»

ሳቀች። አባዬ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና «እስቲ አሳየኝ» አለች። ስልኩን ሰጠኋት። አራቀችው፣ አቀረበችው። ናርጊስ ጭቃ ውስጥ ማረሻውን ትጎትታለች።

«እሷ ናት?»

«እሷ ናት።»

ረጅም ጊዜ አየቻት።

«ቆንጆ ናት» አለች በመጨረሻ። «ሞፈር ግን እንዲህ አይያዝም።»